እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና የጎንደር ቆሎ ተማሪ

የአንድ ፒያኖ ተጫዋች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በየትኛው ታላቅ ትምህርት ቤት እንደ ተማረ፥ በየትኞቹ ከተሞች አዳራሽ እንደ ተጫወተ፥ ስንት ሰው እንዳጨበጨበለት ይቈጠራል። በዚህ መለኪያ የሚመጠን ሰው አገራችንም አላት። በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የተወለዱት አቶ ግርማ ይፍራሸዋ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ወደ ቡልጋርያ ተሻግረዋል፤ በሶፊያም ትምህርታቸውን አስፋፍተው በብዙ አገር አዳራሽ ተጫውተዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን በዚሁ መለኪያ ቢመዘኑ፥ ካገኙት ይልቅ የቀረባቸው የሚበዛ ይመስላል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው መለኪያው ራሱ ለእርሳቸው እንደማይበቃ፥ የሥራቸውም ዓላማ ለንደን ሳይሆን ጎንደር ላይ እንደ ተገኘ ነው።

የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ሲሆን፥ በታኅሣሥ ወር 1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው የአውሮጳን ቋንቋዎች ያወቁ፥ የጎንደር ከንቲባ ሆነው የተሾሙ፥ በ1919ም ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሴት ልጆቻቸውንም እንደ ወንድ ማስተማር ፈለጉ። ስለዚህ የውብዳር ገና በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊስ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። እኅታቸው በኋላ፥ በ1957፥ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ለመሆን በቅተዋል።

የውብዳር በ1933 ወደ አገራቸው ቢመለሱም ሰላሙ አልቈየም። በ1937 ጣልያን ቤተ ሰቡን አግዞ በመጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፥ ቀጥሎም በናፖሊ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ወሰዳቸው። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን አምስት ሰዓት ፒያኖ፥ አራት ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ እንደ ነበር ተናግረዋል። መምህሩም አብሯቸው መጥቶ የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል መሪ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በለንደን ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ተሰጣቸው፤ ነገር ግን የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ከሐዘን የተነሣ እህል አልቀምስ ብለው ሆስፒታል እስከ መግባት ደረሱ። ከበሽታው ሲነሡ ዓለምን ትተው ወደ ወሎ፥ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በዚያም መንኵሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ። በአምባው ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፥ በጭቃ ጎጆ እያደሩ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በግሸን ፒያኖ አልነበረም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የጠፋ ተሰጥዎ ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1960ዎቹ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀመጡ። ጎንደርና አካባቢው ለዚህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፥ ለአቋቋም ጎንደር በአታ ይጠቀሳሉ። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአይከል የወጣን ሁሉ ቆሎ ተማሪውን በደጃችን አውቀነዋለን። ዳባውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ውሻ ይጮኽበታል፤ የለመነውን ቍራሽ በልቶ ሌሊቱን ቀለሙን ያጠናል። እኛ ይህን እንደ ተራ ነገር አይተን ማለፍ ለምደናል።

እማሆይ ግን አላለፉትም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ፥ ዜማ የሚማሩት ልጆች ሜዳ ላይ ተኝተው አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቈረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ የሸክላዎቻቸውም ገቢ ለችግረኛ ልጆች መርጃ እንዲውል አደረጉ። እንግዲህ የፒያኖ ሥራቸውን ለሕዝብ ያወጣው የአዳራሽ ጥሪ ሳይሆን የቆሎ ተማሪ ችግር መሆኑን ልብ ይሏል።

በድርሰታቸውም ሁለቱ ትምህርቶች ተጋጥመው ይሰማሉ። ጣቶቹ በአውሮጳ ሥርዓት የሠለጠኑ ናቸው፤ ዜማው ግን በብዙ ቦታ የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይከተላል። ምቱም ተለክቶ እንደሚቈጠር የሰልፍ ሙዚቃ አይደለም፤ እንደ ዜማ አንዳንዴ ይዘገያል፥ አንዳንዴ ይፈጥናል።

ከንግግራችን ግን የተሳሳተ ፍርድ እንዳይወጣ እንሻለን። መልካም ፍሬ ተገኘ ብሎ ክልከላውን ማመስገን አይገባም። ለንደንን ማጣታቸው እውነተኛ ጕዳት ነበር፤ እርሳቸውም በሞት አፋፍ እስኪደርሱ ከፍለውበታል። እኛ የምንለው፥ የተዘጋውን በር ብቻ የሚቈጥር ታሪክ ሰውዬዋ በገዛ እጃቸው የከፈቱትን በር ሳያይ ይቀራል ነው።

እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። በ2006 «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም 21ኛው ክፍል ለእርሳቸው ሥራ ተሰጠ፤ ስማቸውም በዓለም ተሰማ። በ2013 የድርሰቶቻቸው ኖታ ታተመ። በመጋቢት ወር 2023፥ በ99 ዓመታቸው፥ እዚያው ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

አዳራሽ የሞላ ሕዝብ ያጨበጨበላቸው ብዙ የፒያኖ ሊቃውንት አሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተኛውን ተማሪ አይተው ፒያኖአቸውን ስለ እርሱ የከፈቱ ግን እማሆይ ናቸው። የጎንደር ታሪክ ከነገሥታቱ ግንብና ከሊቃውንቱ ጉባኤ ጋር ይህንንም ሊቈጥር ይገባዋል።