ቅኔና ማይክሮፎን፦ ድምፅ በቤታቸው ለሚቀርፁ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ደብረ ኤልያስ ስሟ የሚነሳው በቅኔ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ ናት። ባለቅኔ ትናንት የዘረፈውን ዛሬ አይደግምም፤ ካልተጻፈ ወይም ካልተቀረጸ ከሰሚው ጋር ይቀራል። ስልክ በየኪሱ በገባበት ዘመን መቅረጹ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው በወጉ መቅረጹ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ ይታሰብበት። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ድምፁ እየነጠረ ይመለሳል። ፍራሽና ጋቢ መስቀል ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የዝናቡን ድምፅ በኋላ በሶፍትዌር ለቅሞ ማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ በጥቂቱም ወደ ጎን ያዘንብል። በጣም ሲቀርብ ወፍራሙ ድምፅ ያለቅጥ ያብጣል፣ «ጰ» እና «ፐ» ይፈነዳሉ። ለከበሮ ግን ራቅ ይበል። የቀረጻው መጠን ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ተቆርጧልና በሚክሲንግ አይጠገንም። ከተቻለ በ24 ቢት፣ ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል ይቀረጽ።

በሚክሲንግ ጊዜ ከንባብና ከዜማ ድምፅ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይጠቅማል። ከበሮው ላይ ይህን ማድረግ ግን ነፍሱን ማውጣት ነው። በገናም እንዲሁ። አሥሩ አውታሮች የሚነዝሩት በየአውታሩ ሥር ሆን ተብሎ በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ወጣት ባለሙያ እንደ ጉድለት ቆጥሮት ያጸዳዋል! የዓለሙ አጋን በገና እ.ኤ.አ. በ1972 ለዩኔስኮ የቀረጹት ሲንቲያ ኪምበርሊን ያን ንዝረት አልነኩም። ድምፅን በራሱ የሚያቃና ሶፍትዌርም በፒያኖ ልክ ከተሠራ አንቺሆዬን ያበላሸዋል፤ ቢዘጋ ይሻላል።

ብዙዎች የማያስቡት ሕጉን ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ተጽፎ፣ ተቀርጾ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። እንግዲህ በአየር ላይ የቀረ ቅኔ በዚህ አዋጅ ባለቤት የለውም ማለት ነው። ሲቀረጽ የቅኔው መብት የባለቅኔው ይሆናል፤ ቀራጩ ደግሞ በድምፅ ቅጂው ላይ የ50 ዓመት ተዛማጅ መብት አለው። ከዋኙ ሳይፈቅድ መቅረጽ ግን ራሱ ጥሰት ነው። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፤ ለንግድ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። በእኔ እምነት የመምህሩ «እሺ» በቅጂው መግቢያ ላይ ቢቀረጽም ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዋናው ፋይል ሳይነካ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የመምህሩ ስም፣ ደብሩና ቀኑም አብሮ ይጻፍበት።