ብረቱ ጸንቶ ሕጉ ሲላላ፦ የቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ታሪክ

የጃፓን ስም በተነሣ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ የቆየ ቁጭት አለን፤ “እነርሱ የት ደረሱ? እኛስ የት ቀረን?” የሚል። ጥያቄው ከነገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ በማስተምርበት ክፍልም ሳይነሣ ያለፈ ዓመት ትዝ አይለኝም። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ፣ በባቡርና በትምህርት ቤት ብቻ ይወሰናል። ለዛሬ ነገሩን በአንድ ሕንፃ፣ ማለትም በቶኪዮ ዋና የባቡር ጣቢያ በኩል እንመልከተው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጃፓን የመጀመሪያው የባቡር መሥመር በ1872 ቶኪዮን ከዮኮሃማ ሲያገናኝ ብድሩ ከለንደን የተገኘ፣ ዋና መሐንዲሱም እንግሊዛዊ ነበር። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ግን የመዲናዪቱን ማዕከላዊ ጣቢያ የነደፈው ጃፓናዊው ታትሱኖ ኪንጎ ነው። ታትሱኖ በአገሩ ከእንግሊዛዊው ጆሳያ ኮንደር የተማረ፣ ለንደን ሄዶ ዕውቀቱን ያዳበረና የጃፓንን ባንክ ሕንፃ የነደፈ ሰው ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ባልትሰር የጃፓን ባህላዊ ጣሪያ ያላቸው ሕንፃዎች እንዲሠሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። ፈረንጁ የጃፓንን ወግ ሲመርጥላቸው እነርሱ የፈረንጅን መልክ መረጡ!

ግንባታው ሩሲያ ድል ከተደረገች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1908 ተጀመረ፤ ጣቢያው በታኅሣሥ 1914 ተመረቀ። 335 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ባለ ሦስት ፎቅ የቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። ከሥሩ ከ10,000 በላይ የጥድ ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በጡቡ ውስጥም የብረት አጥንት አለው። ልብ ልንል የሚገባን ግን አቀማመጡን ነው። ፊቱን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አዙሮ ቆመ፤ የመካከሉ በር ለንጉሣውያን ቤተሰብ ተከለለ። ሕዝቡ በደቡቡ ጉልላት ሥር ይገባ፣ በሰሜኑ ይወጣ ነበር። ነጋዴው በሚኖርበት በምሥራቁ በኩል ግን እስከ 1929 ድረስ በር አልነበረም።

መስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል ጣቢያው ንቅንቅ ሳይል ቀረ። የታትሱኖ ብረት ቃሉን ጠበቀ። በዚያው ጣራ ሥር ግን ሌላ ነገር እየተሰነጠቀ ነበር።

ከመንቀጥቀጡ ሁለት ዓመት በፊት፣ ኅዳር 4 ቀን 1921፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃራ ታካሺ ወደ ኪዮቶ ለመጓዝ ጣቢያው ሲደርሱ አንድ ወጣት በስለት ወግቶ ገደላቸው። ሃራ የመኳንንት ማዕርግ ሳይኖራቸው፣ በፓርቲ መሪነት ለዚያ ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ገዳዩም የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1934 ተለቀቀ። ኅዳር 14 ቀን 1930 ደግሞ የለንደኑን የባሕር ኃይል ቅነሳ ስምምነት ያጸደቁት ጠቅላይ ሚኒስትር ሃማጉቺ ኦሳቺ በዚሁ ጣቢያ በሽጉጥ ተመቱ፤ ከቁስላቸው ሳያገግሙ በነሐሴ 1931 ዐረፉ። የተኮሰባቸው ሰው ሞት ቢፈረድበትም ቅጣቱ ተቀንሶለት በ1940 ከእስር ወጣ። በግንቦት 1932 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይ ትሱዮሺን የገደሉ የባሕር ኃይል መኮንኖች ለፍርድ ሲቀርቡማ ብዙ ሕዝብ ምሕረት እንዲደረግላቸው ፊርማ አሰባሰበ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ በፓርቲ የተመራ መንግሥት አልታየም።

የእኛ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በ1931 በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው፣ ያዩትን በአድናቆት “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በተሰኘው መጽሐፋቸው ጻፉ። አድናቆታቸው አይፈረድበትም፤ ብርሃኑ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ኅሩይ እዚያ ሲደርሱ ሃማጉቺ ከሞቱ ወራት ብቻ ተቆጥረው ነበር፤ የጃፓን ጦርም መንግሥቱን ሳያስፈቅድ ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። አርአያ ያደረግነው ሕገ መንግሥት፣ ጦሩን ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለሲቪል መንግሥት ተጠሪ ያላደረገው ሕገ መንግሥት፣ ድክመቱ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ውጤቱ ለሕንፃውም ተረፈ። መንቀጥቀጡ ያልነካውን ጣቢያ ግንቦት 25 ቀን 1945 የአሜሪካ የአየር ድብደባ አቃጠለው፤ ጉልላቶቹና ሦስተኛው ፎቅ ጠፉ። በ1947 በሁለት ፎቅና በጊዜያዊ ጣሪያ ተጠገነ፤ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የታሰበው ጣሪያም ስድሳ ዓመት ያህል አገለገለ።

በ1980ዎቹ ሕንፃው ፈርሶ በምትኩ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይሠራ የሚል ዕቅድ ሲነሣ ዜጎች ተደራጅተው ተቃወሙ፤ ፊርማም አሰባሰቡ። ሁለቱን ፊርማዎች እስቲ አነጻጽሩ! በ2003 ጣቢያው በቅርስነት ተመዘገበ። ማደሻው ገንዘብ የተገኘው በብልሃት ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያ በጣቢያው አናት ላይ ወደ ላይ የመገንባት መብቱን ለአካባቢው ረጃጅም ሕንፃዎች ሸጦ ወደ 50 ቢሊዮን የን አገኘ። በ2012 ሦስተኛው ፎቅና ጉልላቶቹ ተመለሱ፤ ከሥሩም መንቀጥቀጥን የሚያበርዱ 352 የጎማ ድጋፎች ተተከሉለት።

ሃራና ሃማጉቺ የተመቱባቸው ቦታዎች በጣቢያው ወለል ላይ ትንንሽ ምልክት አላቸው፤ አጠገባቸውም ማብራሪያ ተጽፏል። በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው መንገደኛ ይረግጣቸዋል። “ጃፓን እንዴት ሠለጠነች?” ብለን ስንጠይቅ ከጡቡና ከብረቱ ጋር እነዚያን ምልክቶችም እንቁጠር። ባቡርንና ፋብሪካን በብድርና በትጋት ማምጣት እንደሚቻል ጃፓን በአርባ ዓመት አሳይታለች። ታጣቂን ለሕግ ማስገዛት ግን ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በአንድ ጣቢያ ከወደቁም በኋላ አልሆነላትም፤ ዋጋውንም በ1945 ከፈለች።