ወርቁ፣ ነሐሱና ጠገራው፦ በተወሰነ ገንዘብ ታሪክን መግዛት

የጥንታዊ ገንዘብ ነጋዴዎች ከዓለም ዙሪያ ተሰባስበው የሚገናኙባቸው ከተሞች አሉ። በየዓመቱ በጥር ወር በኒው ዮርክ የሚካሄደው ገበያ አንዱ ነው፤ በ1972 በስዊዘርላንዷ ባዝል ተጀምሮ በ2006 ወደ በርሊን የተዛወረው ዐውደ ርዕይም እንዲሁ የታወቀ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ስፍራዎች ከግሪክና ከሮማ መሐለቆች ጎን የአፍሪካ ቀንድ ገንዘቦችም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። የአክሱም ነገሥታት ወርቅና ነሐስ፣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ የዳግማዊ ምኒልክ ብርና አላድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

ወደ አዳራሹ የሚገባው መሐለቅ ሰብሳቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለጸጋ አይደለም። ለዚያ ቀን ቈርጦ የመጣው የገንዘብ ልክ አለው። ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ጥያቄም አንድ ነው፤ ገንዘቡን ሁሉ አውጥቶ አንድ የአክሱም ወርቅ ይያዝ ወይስ በዚያው ገንዘብ ብዙ ነሐስና ብር ይሰብስብ? ጥያቄው የኪስ ጉዳይ ቢመስልም በውስጡ የታሪክ ጥያቄ አለበት። እያንዳንዱ ማዕድን በዘመኑ ለማን እንደተቀረጸና ለማን ይናገር እንደነበር ያላወቀ ሰው በገንዘቡ ምን እንደገዛም አያውቅም።

የወርቁ ማማለል የሚገባ ነው። አክሱም በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን የራሷን የወርቅ መሐለቅ መቅረጽ ስትጀምር፣ ይህን ለማድረግ አቅሙና ድፍረቱ የነበራቸው መንግሥታት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በወርቁ ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ይታያል፤ ከበላዩ ጨረቃና ክብ ፀሐይ ተቀርጸዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ወርዶ መስቀል ተተካ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካሳረፉት የዓለም ነገሥታት መካከል ዔዛና ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ይሁንና ወርቁ የተቀረጸው በዋነኛነት ለአገሬው ሰው አልነበረም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መግለጫ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል፣ በዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች መገበያያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ እንደነበረ ይጠቅሳል። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ አክሱም የራሷን ወርቅ ስትቀርጽም ይኸው የባሕር ንግድ በሐሳቧ ነበር። ጽሑፉ የዓለም ንግድ ቋንቋ በነበረው በግሪክኛ ነው። ንጉሥ ወዜባ ብቻ ስሙን በወርቅ ላይ በግዕዝ አስቀረጸ፤ ከእርሱ በኋላ ወርቁ ወደ ግሪክኛው ተመለሰ። ክብደቱም የሮማን ልክ ይከተል ነበር። መጀመሪያ ከ2 ግራም ተኩል የሚበልጠው መሐለቅ፣ የቈስጠንጢኖስ የገንዘብ ለውጥ ከተስፋፋ በኋላ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። የተገኘበት ቦታም ይህንኑ ይመሰክራል። በየመን ደቡብ አል-መዳሪባ በተባለ ስፍራ በአንድነት ተቀብሮ ከተገኘው 1,194 የወርቅ መሐለቅ ውስጥ 868ቱ የሮማ ሲሆኑ፣ 326ቱ የአክሱም ናቸው። ከአክሱም ወርቅ ብዙው የተገኘው ከቀይ ባሕር ማዶ ነው።

ስለዚህ ሙሉ ገንዘቡን ለአንድ ወርቅ የሚያውል ሰው የሚገዛው አክሱም ለሮማና ለአረብ ነጋዴ ያሳየችውን ፊት ነው። ያ ፊት ያማረና የከበረ ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ታሪክ ብቻ ይናገራል።

ሌላው ግማሽ ያለው በነሐሱ ላይ ነው። ነሐሱ የገበያ፣ የእጅ ለእጅ ገንዘብ ነበር፤ የሚገኘውም በብዛት በራሱ በአክሱም፣ በአዱሊስና በአካባቢው መሬት ውስጥ ነው። ጽሑፉም ቀስ በቀስ ወደ ግዕዝ ዞረ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ነገሥታቱ ከራሳቸው ስምና ማዕርግ አልፈው ለሕዝቡ የሚናገሩ መሆናቸው ነው። ከዔዛና ዘመን ወዲህ በወጡት ነሐሶች ላይ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተቀርጾ ይገኛል። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመጨረሻዎቹ የገንዘብ ቀራጮች አንዱ የሆነው ንጉሥ አርማሕ፣ በዙፋን ላይ ተቀምጦ በሚታይበት ነሐስ ላይ ለአሕዛብ ደስታ ይሁን የሚል የግዕዝ ቃል አኑሯል። በዘመኑ ሌሎች ገዢዎች በገንዘባቸው ላይ ድላቸውንና ክብራቸውን ሲያውጁ፣ የአክሱም ነሐስ የተቀባዩን ደስታ ይለምን ነበር።

የጥበቡም ነገር እንዲሁ ነው። የአክሱም ባለሙያዎች በአንዳንድ የብርና የነሐስ መሐለቆች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህ አሠራር የአክሱም መለያ ነው። በእጅ ከእጅ ሲተላለፍ በኖረው መሐለቅ ላይ ወርቁ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ጠፍቷል፤ አንዲት ቅንጣት የቀረችበት ነሐስ ግን ድሀው ገበያተኛ የያዘው ገንዘብ ምን ያህል ተጨንቀው የሠሩት እንደነበረ ያሳያል። ዋጋውም ከወርቁ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እዚህ ላይ ሰብሳቢው ከዋጋው ይልቅ ሊያስጨንቀው የሚገባ ሌላ ጉዳይ ይመጣል፤ መሐለቁ ከየት መጣ? የመሐለቅ ታሪክ ግማሹ በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲሆን፣ ግማሹ የተገኘበት ቦታ ነው። ለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንድ ብርቱ ምሳሌ ሰጥቷል። በ1944 አንድ የአውስትራሊያ ወታደር ከአገሩ ሰሜናዊ ጠረፍ ራቅ ባለች ደሴት አሸዋ ላይ ዘጠኝ መሐለቆች አገኘ። አራቱ የሆላንድ ነበሩ፤ አምስቱ ግን በዛሬዋ ታንዛኒያ ከምትገኘው ከጥንታዊቱ የኪልዋ ሱልጣኔት የመጡ የመዳብ ገንዘቦች ናቸው። ወታደሩ ያገኘበትን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት አድርጎ ስላስቀመጠ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የሕንድ ውቅያኖስ የጉዞ ታሪክን እንደገና እንዲያስቡ አስገደዳቸው። እነዚያው አምስት መዳቦች ያለ ካርታው በአንድ ነጋዴ ሣጥን ውስጥ ቢገኙ ኖሮ ዋጋቸው ጥቂት፣ ነገራቸውም ጥቂት ይሆን ነበር።

በሌሊት ከአክሱም መሬት ተቈፍሮ የወጣ ነሐስ ይህን ሁሉ አጥቶ ነው ወደ ገበያ የሚደርሰው። የትኛው ቤት፣ የትኛው መቃብር፣ ከየትኛው ንጉሥ ገንዘብ ጋር እንደተቀበረ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል፤ የዩኔስኮ የ1970 ስምምነትም ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን ለመግታት የወጣ ነው። በመሆኑም የቀድሞ ባለቤቶቹን የሚያሳይ የቈየ ሰነድ የሌለው መሐለቅ፣ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው። ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ ነገ ሌላ ጉድጓድ ሊያስቈፍር ይችላልና።

እንዲህ ያለ ሥጋት ሳይኖርበት በጥቂት ገንዘብ ብዙ ታሪክ የሚሰጠው ጠገራው ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 አረፈች፤ በዚያው ዓመት ቀን የተቀረጸው መሐለቋ ግን ከሞተች በኋላም ሳይለወጥ መመረቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ነው። ከየመን እስከ ሐረር፣ ከምፅዋ እስከ ጎጃም ገበያ ድረስ ቡናና ቆዳ፣ በቅሎና ጠመንጃ ተገዝቶበታል። ነጋዴው በባልቴት መጎናጸፊያ ሥር ያለውን ፊት አይቶ፣ በጌጦቿ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቈጥሮ ነበር የሚቀበለው፤ ምልክቱ የጎደለ ወይም የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል።

ሁሉም ጠገራ 1780 የሚል ቀን ስለያዘ ያልተማረ ዓይን ሁሉንም አንድ አድርጎ ያያቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም ማስቀረጽ ጀመረ፤ በ1936 ለንደንም የራሷን ማውጣት ቀጠለች፤ በ1940ና በ1941 ደግሞ ቦምቤይ ላይ ተቀረጸ። በንስሩ ጅራት ላባዎችና በትከሻ ጌጡ ዕንቁዎች ላይ ያሉት ጥቃቅን ልዩነቶች የትኛው የት እንደተቀረጸ ለሚያውቅ ሰው ይነግሩታል። ስለዚህ ከብሩ ዋጋ ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ፣ ወራሪው ያስቀረጸውን ጠገራና ወራሪውን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት ዘመን የወጣውን ጠገራ ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል። ቀኑ አንድ፣ ፊቱ አንድ፣ ጌታው ግን ሁለት።

የምኒልክ ብር ደግሞ የዚህ ጠገራ ተቀናቃኝ ሆኖ የተወለደ ነው። ከአርማሕ ዘመን ወዲህ በሰሜኑ ደጋ መንግሥት የራሱን መሐለቅ ሳይቀርጽ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ ሐረር ብቻ በአሚሮቿ ዘመን የራሷ ገንዘብ ነበራት። በፓሪስ የተቀረጹት የምኒልክ ገንዘቦች የመጀመሪያ ቀናቸው በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1887 ነው። አዲሱ ብር በክብደት ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ ግን የለመዳትን ሴት ፊት ትቶ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል ቶሎ አልተቀበለም፤ ለዝርዝርም አሞሌ ጨውንና ጥይትን መጠቀም ቀጠለ። ጠገራው ከመንግሥት ገንዘብነት የወጣው ከ1945ቱ የገንዘብ አዋጅ በኋላ ነው።

በዐውደ ርዕዩ ላይ ከአንድ ዓይነት የምኒልክ ብር ሁለት ይቀርባሉ። አንደኛው ከሣጥን ያልወጣ የሚመስል፣ የአንበሳው ጋማ ጥርት ያለ፤ ሁለተኛው የተሻሸ፣ ምናልባትም ለአንገት ጌጥ የተበሳ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የገበያው ደንብ ነውና። የታሪክ ሚዛን ግን ወደ ሁለተኛው ሊያጋድል ይችላል። ያልተነካው ብር ሕዝብ ያልተቀበለው፣ ከግምጃ ቤት ያልራቀ ሊሆን ይችላል። የተሻሸው ሕዝብ በመጨረሻ እንደ ገንዘብ እንደ ተቀበለው ይመሰክራል፤ ቀዳዳውም የአንዲት ሴት አንገት ላይ እንደ ነበረ። ብዙ ጠገራዎችና ብሮች በአንጥረኛ እጅ ቀልጠው መስቀልና አምባር ሆነዋል፤ የተበሳው መሐለቅ ከዚያ እሳት የተረፈ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ ሲመለሱ፣ ገንዘቡ በዐሥር እጅ ቢከፈል የመጀመሪያው እጅ ለመጽሐፍ ቢውል አይባክንም። ስቱዋርት መንሮ-ሄይና ቤንት ዩል-የንሰን በ1995 ያሳተሙት የአክሱም መሐለቆች ጥናት፣ እንዲሁም በ2016 የወጣው የኦክስፎርዱ የአሽሞሊያን ቤተ መዘክር የአክሱም መሐለቆች ዝርዝር፣ በቀለጠ ማዕድን ተቀድቶ የተሠራ ሐሰተኛን ከእውነተኛው ለመለየት መሠረት ይሆናሉ። የዚህ ዓይነት ሐሰተኛ በጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፣ በገጹ ላይ የአየር ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን የሚያየው ግን ምን እንደሚፈልግ ያወቀ ዓይን ነው።

ከዚያ አራቱ እጅ የቈየ ሰነድ ላላቸው አንድ ወይም ሁለት ነሐሶች፣ ሦስቱ እጅ ልዩ ልዩ ከተሞች ለቀረጿቸው ጠገራዎችና ለአንድ የተሻሸ የምኒልክ ብር ሊሆን ይችላል። ነሐሱ ዱቄት የመሰለ ብሩህ አረንጓዴ ካወጣ ግን ዝገቱ መሐለቁን ከውስጥ እየበላው ነውና መተው ይሻላል። የቀረው ሁለት እጅ ሳይነካ ወደ ቤት ይመለስ። ሰነድ ያለው ነሐስ ካልተገኘም አራቱ እጅ አብሮ ይመለስ፤ ዐውደ ርዕዩ በሚቀጥለው ዓመትም አለ፤ ከአክሱም መሬት የተነቀለው ታሪክ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

ወርቁስ? ወርቁን ለማየት መግዛት ግድ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በለንደንና በኦክስፎርድ ቤተ መዘክሮች በመስታወት ሥር ተቀምጦ ለሁሉም ይታያል። ሰብሳቢው ሊያስቀር የሚችለው ሌላ ነው፤ ስምና ዋጋ ያጣውን፣ በገበያ ሣጥን ጥግ የተጣለውን ነሐስ ከነሰነዱ መጠበቅ፣ ያወቀውንም ጽፎ ማኖር። ንጉሡ አገሩን ደስ ያሰኝ ብሎ የጻፈበት መሐለቅ ለማን እንደተጻፈ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልገዋልና።