ማገር የሌላቸው የካርቱም ጀልባዎች

ዐማራት ከሚባለው የካርቱም ሰፈር በስተሰሜን ምዕራብ፣ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት አካባቢና ከወንዙ ማዶ ባለችው ኦምዱርማን፣ ኑጋር የተባለው ሰፊና ከባድ የሸራ ጀልባ ለረጅም ዘመን ሲሠራ ኖሯል። እንጨቱ ሱንት የሚሰኘው በወንዝ ዳር የሚበቅል የግራር ዝርያ ሲሆን፣ ጠንካራና ውሃ የሚችል ቢሆንም ግንዱ አጭርና ጠማማ በመሆኑ ረጅም ሳንቃ አይወጣውም። ስለዚህ አናጢው፣ የእንጨት መርከብ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው ብዙውን ጊዜ እንደሚያደርገው አስቀድሞ ማገር፣ ማለትም እንደ ጎድን አጥንት የቆመውን ደጋፊ እንጨት፣ አቁሞ ሳንቃ ከማልበስ ይልቅ፣ አጫጭርና ወፋፍራም ሳንቃዎችን ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ የላይኛውን ከታችኛው ጋር በረጅም ሚስማር እየቸነከረ የጀልባውን አካል ሽቅብ ይገነባዋል።

ይህን የሚመስል አሠራር በጥንት ዘመንም ተመዝግቧል፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፅ ጀልባ ሲጽፍ፣ ሁለት ክንድ ያህል የሚረዝሙ የግራር ሳንቃዎች እንደ ጡብ እንደሚደረደሩ፣ ማገር እንደሌላቸውና መጋጠሚያቸው በደንገል እንደሚደፈን ገልጿል፤ ደንገል የጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክል ነው።

በአንጻሩ ሜሊክ የተባለችው የብረት የጦር ጀልባ በእንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ በክፍል በክፍል ተጓጉዛና ሱዳን ውስጥ በበርበር ከተማ አቅራቢያ ተገጣጥማ በ1898 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን ጦርነት ተሰልፋለች፤ በኋላም ካርቱም ውስጥ የጀልባ ክበብ መቀመጫ ሆናለች። ለወንዙ የዕደ ጥበብ ታሪክ ግን በሱንት የተሠራው ኑጋር ከእርሷ ይልቅ የላቀ ምስክር ነው፤ እህልና ጭነት ሲያመላልስ የኖረው እርሱ ነውና።