ግንደወይንና የእነሴ ሲሶ

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ግንደወይንን ያገኛል። ስሟ ከግዕዙ «ጉንደ ወይን» የመጣ ሲሆን የወይን ግንድ ማለት ነው። ከተማይቱ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳውን በምዕራብ ሁለት እጁ እነሴ፣ በደቡብ እናርጅ እናውጋ፣ በምሥራቅ እነብሴ ሳር ምድር፣ በሰሜን ዐባይ ያዋስኑታል።

የጽሑፍ ማስረጃ በማይበዛበት አገር የቦታ ስም እንደ መዝገብ ያገለግላል። «ሁለት እጅ» ከሦስት ሁለቱ ነው፤ «ሲሶ» ደግሞ ከሦስት አንዱ። ሁለቱን ስሞች ብናጋጥማቸው አንድ ሙሉ እነሴ ይወጣል። ስለዚህ እነሴ የተባለው አገር በድርሻ ተከፍሎ፣ ሁለቱ እጅ በሞጣ በኩል ሲቀር፣ ሲሶው ከጎንቻ ጋራ እንደ ተጣመረ ከስሞቹ እንረዳለን።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አደራጀ። ቢቸናና ሞጣም ከጎጃም አውራጃዎች መካከል ነበሩ። ይሁን እንጂ የመንግሥት ወሰንና የርስት ወሰን አንድ አልነበሩም። ባለርስቱ በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚው አባት እወለዳለሁ እያለ ድርሻውን ይጠይቃል፤ መሬቱ በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ አይደለም። አንዱ ማሳው በአንድ ገዥ፣ ሌላው በሌላ ገዥ ሥር ሊውል ይችላል። እንግዲህ ለገበሬው «ወሰኑ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ለማን እገብራለሁ? ለየትኛው ዳኛ እከሳለሁ?» ማለት ነበር።

የ1960 ዓ.ም. ዐመፅም ከዚህ ጋራ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በዚያው ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ከገንዘቡ ይልቅ ግምቱ ነው ያሠጋው። ዛሬ ሰብሉን የሚገምት ነገ መሬቱን ይለካል፤ መሬት ከተለካ ርስት ይጠፋል ብሎ ፈራ። ሞጣ ዐመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች አንዱ ነበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የርስት መብት አከተመ። በ1980 ዓ.ም. ጎጃም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ፤ ኋላም የአውራጃ አስተዳደር ቀረ። ሲሶና ሁለት እጅ ግን ዛሬም የወረዳ ስሞች ናቸው። ስለዚህ የአካባቢውን የአስተዳደር ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ከካርታው አስቀድሞ ስሞቹን ቢመረምር፣ የወሰን ለውጥ በገበሬው ኑሮ ላይ ምን እንዳመጣ የሚያመለክት መነሻ ያገኛል።