ከክር እስከ ራዳር፦ የአዲስ አበባ ባትላሜራዎችና የልኬት ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የተጋጨ መኪና አካሉ ከተጠገነ በኋላ አሽከርካሪውን የሚያግዙት ካሜራዎችና ራዳሮች እንደገና ልክ ሊይዙ ይገባል። ባለሙያዎች ካሊብሬሽን የሚሉት ይህ ሥራ ነው። እኔ የማነሣው ጥያቄ ግን የመሐንዲስ ሳይሆን የታሪክ ተማሪ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሥራ ወደ ከተማችን ጋራዥ ሲገባ ምን ዓይነት የልኬት ባህል ቆይቶ ተቀበለው? ለምልከታዬ የመረጥኩት ስፍራ ጎፋ ነው።

ጎፋ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ሽቦ ለሌለው ቴሌግራፍ የወጣ ስም ነው። አባቶቻችን መልእክት ያለ ሽቦ በአየር ሲሄድ ባዩ ጊዜ ነፋስ የሚሸከመው ስልክ አሉት። ዛሬ በዚያው ክፍለ ከተማ የሚጠገኑት አዳዲስ መኪኖች ከፊት ፓራውልታቸው ጀርባ የሬዲዮ ሞገድ የምትልክና የምትቀበል ትንሽ ሣጥን አለቻቸው። ስሙ ከዕቃው ቀድሞ ደርሶ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ይህን የምለው ለጨዋታ እንጂ ለማስረጃ አይደለም።

ማስረጃውን ከቃላት ልጀምር። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ ካመጣ በኋላ፣ መኪና ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የጥቂት ባለጸጎች ዕቃ ሆኖ ቆየ። የጥገናው ሙያ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ መንገድ ሲቀደድና የጭነት መኪና በብዛት ሲገባ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላም ሀገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች በየጋራዡ ሲሠሩ፣ ከጎናቸው ያሉት ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ሙያውን ከነቃሉ ተቀበሉ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባልስትራ ሁሉም የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። የመኪናውን አካል የሚያቃናው ሰው ባትላሜራ ይባላል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ፓራውልቱ፣ ጎድጓዳውን የሚሞላው ስቱኮ፣ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ እንኳ ከዚያው መዝገብ የተቀዱ ናቸው።

በዚህ የቃላት ዝርዝር ውስጥ የመቀጥቀጥ፣ የመሙላትና የመቀባት ቃል ሞልቷል፤ የመለካት ቃል ግን ጥቂት ነው። ሰነድ ብቻ የለመደ ተመራማሪ ከዚህ ተነሥቶ ሙያው ልኬት አያውቅም ነበር ሊል ይችላል። እኔም ጎፋ ሄጄ እስካይ ድረስ እንደዚያ አስብ ነበር።

ከጎፋ ማዞሪያ ብዙም በማይርቅ ስማቸውን በማልጠቅሰው ባለሙያ ጋራዥ ብዙ ቅዳሜ ከሰዓት አሳልፌአለሁ። እሳቸው ሙያውን የተማሩት ከጣሊያን ጋር ከሠራ ኢትዮጵያዊ ጌታቸው ነው። የተጋጨ መኪና ሲመጣ አስቀድመው ከኪሳቸው የሚያወጡት ክር ነው። ከሻሲው የፊት ግራ ጫፍ እስከ የኋላ ቀኝ ጫፍ ይወጥሩታል፤ ከዚያ በተቃራኒው። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ አካሉ አልተጠመዘዘም፤ ካልሆኑ መዶሻ አይነሣም፣ መጀመሪያ ይጎተታል። ይህ የአራት ማዕዘን ሰያፎች ሕግ ነው። ስቱኮው ከተፋቀ በኋላ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ዓይን ቀለም ያታልለዋል፣ እጅ ግን አይታለልም ይላሉ። ቀለሙ ሲደርቅ የጣሪያውን ረጅም አምፖል ነጸብራቅ በበሩ ላይ ያዩታል፤ የብርሃኑ መስመር ከተወላገደ ሥራው ይፈርሳል። ክሩ፣ መዳፉና ነጸብራቁ ሦስት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዳቸውም በጣሊያንኛ ስም አልተጠሩም፤ ስለዚህም በቃላት መዝገቤ ውስጥ አልገቡም ነበር።

ሀገሪቱ በሙሉ አንድ ጊዜ ልክ የተያዘችበት ቀንም አለ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ መንገድ ተሻገረች። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ የሚያስቡት ስለ ሾፌሮች ግራ መጋባት ነው። እኔን የሚስበኝ የመብራቱ ነገር ነው። ዝቅ የሚለው የፊት መብራት፣ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ በተሠራበት መኪና ላይ፣ ወደ መንገዱ ዳር እንጂ ወደ ተቃራኒው አሽከርካሪ ዓይን እንዳያበራ ሆኖ ይዘጋጃል። የመንገዱ ዳር ከግራ ወደ ቀኝ ሲዛወር ትናንት ትክክል የነበረው መብራት ዛሬ አሳዋሪ ይሆናል፤ መብራቱ ግን ቅንጣት ታህል አልተንቀሳቀሰም። ልክነት ዕቃው ውስጥ የተቀበረ ባሕርይ ሳይሆን በዕቃውና በዓለሙ መካከል ያለ ስምምነት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ጋራዦች የመኪናን መብራት ከግድግዳ ፊት አቁመው በምልክት ሲያስተካክሉ የሚሠሩት ካሊብሬሽን ነው፤ ስሙ ብቻ አልደረሰም ነበር።

ወደ ራዳሩ ልምጣ። ጀርመናዊው ክርስቲያን ሁልስማየር የሬዲዮ ሞገድ ከብረት ላይ ነጥሮ እንደሚመለስ፣ በዚያም መርከብን ከሩቅ ማወቅ እንደሚቻል ኮሎኝ ከተማ ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1904 ነበር፤ ገዢ አላገኘም። መሣሪያው የጦርነት ዕቃ ሆኖ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በውድ የመርሴዲስ መኪኖች አፍንጫ ላይ ተገጠመ፤ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት እየለካ ፍጥነትን ያስተካክል ጀመር። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2008 በኤክስሲ 60 ሞዴሉ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት መደበኛ አደረገ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚመዘገብ ማንኛውም አዲስ አውቶሞቢል ይህን ሥርዓት እንዲይዝ ሕግ ያስገድዳል።

ወደ እኛ የመጣው ግን በሕግ በር ሳይሆን በነዳጅ በር ነው። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ቻይና ሠራሽ ናቸው፤ ብዙዎቹም ካሜራና ራዳር ይዘው መጡ። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራው የቮልክስዋገን አይዲ 6 ሳይቀር በአዲስ አበባ ጎዳና ይታያል፤ የጥገና መመሪያው በቻይንኛ ነው። አንድ ትውልድ የጣሊያንኛ ቃል እየለመደ ያሳለፈው ሙያ በአንድ ሌሊት ሌላ ቋንቋ ተጋፈጠ።

በዚያው ጋራዥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ከፊት ለፊት ካለ ሚኒባስ ጋር በዝግታ ተነካክታ መጣች። ፓራውልቷ ተሰንጥቋል፤ ከጀርባው ያለው የራዳር መያዣ ጠፍጣፋ ብረት በትንሹ ታጥፏል። ብረቱ በእጅ ተቃና፤ ፓራውልቱ ተሞቆ ተመለሰ፣ ስንጥቁ በስቱኮ ተሞላ፣ ተቀባ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያማረ ሥራ አላየሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቷ ተመልሳ መጣች፤ በቀለበት መንገድ ላይ በጎኗ ባለው መስመር የጭነት መኪና ሲያልፍ መኪናዋ በራሷ ፍሬን ትይዛለች፣ ከኋላ ያለው ለጥቂት አልደረበባትም። አዛውንቱ ባለሙያ ጥቂት ዝም ብለው፣ «መኪናዋ አልተሳሳተችም፤ እኛ ያሳየናትን ነው የምታየው» አሉኝ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት በ100 ሜትር ርቀት ላይ 1.75 ሜትር ይሆናል። የመንገድ መስመር ስፋት 3.5 ሜትር ቢሆን ግማሹን ማለት ነው፤ በጎን የሚያልፈው የጭነት መኪና ከፊት እንደቆመ ይቆጠራል፣ ከፊት ያለው እግረኛ ደግሞ ላይቆጠር ይችላል። በ20 ሴንቲሜትር ብረት ላይ አንድ ዲግሪ ማለት ደግሞ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል መታጠፍ ነው። መዳፋቸው የስቱኮን ጎርባጣ ከዚህ ባነሰ መጠን ያውቃል፤ ነገር ግን መዳፍ የሚያውቀው የሚዳሰሰውን ወለል ነው፤ ራዳሩ ወዴት እንደሚያይ በመዳፍ አይታወቅም።

ስቱኮውም የራሱ ታሪክ አለው። በ77 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ራዳር የሞገዱ ርዝመት ወደ አራት ሚሊሜትር ነው። ከፊቱ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ስቱኮ ሲለጠፍ፣ በላዩም ብናኝ ብረት ያለበት ቀለም ሲደረብ፣ ሞገዱ ይዳከማል፣ አቅጣጫውም ይዛባል። ብዙ አምራቾች ራዳር ባለበት የፓራውልት ክፍል ላይ ስቱኮ እንዳይደረግ የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ሙያው ለሰባና ሰማንያ ዓመት ያከበረው ጥበብ፣ ጉዳቱን ደብቆ እንዳልነበረ ማድረግ፣ እዚህ ላይ ዓይን መሸፈኛ ሆነ። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ ቅር አሉ፤ ልክ ነበሩ፤ እኔ የተናገርኩት እንደ ነቀፋ ነበርና።

ልክ ማስያዙ በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው ቆሞ ነው፦ መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ ይቆማል፣ የጎማው ንፋስና አላይመንቱ ይረጋገጣል፣ ከመኪናው መሐል መስመር በተለካ ርቀት የምልክት ሰሌዳ ይተከላል፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይሰጣል። ሁለተኛው እየተነዳ ነው፦ የመስመር ቀለሙ በደንብ በሚታይ መንገድ ላይ በተወሰነ ፍጥነት ሳይቆራረጥ መንዳት ይጠይቃል። ጎፋ ላይ ይህን ማን ይሠራል? ከሳሪስ እስከ ቄራ ባለው ግፊያ ፍጥነት የሚጠብቅ መንገድ የለም፤ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። እኔ የማዝነው በመንገዱ አይደለም። የሰያፉን ክር የሚያውቅ ሰው የመሐል መስመርን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ የምልክት ሰሌዳው ከእሳቸው ክር ጋር ቤተ ዘመድ ነው።

እክሉ ያለው በፕሮፎርማው ላይ ነው። መኪና ሲጋጭ መድን ድርጅት ከጋራዦች ዋጋ ይሰበስባል፤ ብዙውን ጊዜም ዝቅተኛውን ይመርጣል። በወረቀቱ ላይ «ፓራውልት ማውጣትና መጠገን»፣ «ኮፈን ማቃናት»፣ «ቀለም» የሚሉ መስመሮች አሉ፤ «ሴንሰር ልክ ማስያዝ» የሚል መስመር በእጄ በገቡት ወረቀቶች አላየሁም። መስመሩን ጨምሮ የሚያቀርብ ጋራዥ ጨረታውን ይሸነፋል፤ ሳይጨምር ያሸነፈው ደግሞ ሥራውን በነጻ እንዲሠራ አይጠበቅም። ተሽከርካሪን ለመለየት፣ ለመመርመርና ለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲታወጅ እንዲህ ያለ መኪና በከተማችን ብርቅ ነበር፤ ስለዚህ ከሕጉ ዝምታ በሕግ አውጪው ላይ ክስ አላነሣም። ጃፓን ግን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ የመኪናን ራዳርና ካሜራ የሚነካ ጥገና፣ የፊት መስታወት መቀየርን ጨምሮ፣ ለዚያ ፈቃድ ባለው ጋራዥ ብቻ እንዲሠራ ደንግጋለች። እዚያ ሥራው ስም፣ ፈቃድና ዋጋ አግኝቷል። እኛ ዘንድ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች በሆኑበት ከተማ፣ እግረኛውን እንዲያይ የተሠራው ዕቃ ወዴት እንደሚያይ የሚፈርም ሰው የለም።

የመኪናዋ ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁና ላብቃ። ባለቤቷ ለጊዜው ሥርዓቱን አጥፍታ ትነዳለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ አዛውንቱ ከሁለት ወጣት ረዳቶቻቸው ጋር የጋራዡን ወለል በውኃ በተሞላ ቱቦ ሲለኩ አገኘኋቸው። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው አራት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል። «ጋሼ፣ ይህ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «መምህር፣ አንተው አይደለህ ወለሉ ደልዳላ ይሁን ያልከው?» አሉኝና ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚፈጅ ከልጆቹ ጋር ሒሳባቸውን ቀጠሉ።