የእጣቢ መንገድ፤ የባሕር ዳር ማድ ቤት ፍሳሽ ታሪክ

ስለ ባሕር ዳር ውኃ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ ወደ ከተማዋ ስለሚመጣው ወይም በአጠገቧ ስለሚያልፈው ውኃ ነው፤ ጣናና ዓባይ የማይነሡበት ጽሑፍ የለም ማለት ይቻላል። ከቤት ስለሚወጣው፣ በተለይም ዕቃ ከታጠበበት በኋላ ስለሚደፋው እጣቢ የሚያወሳው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በማድ ቤት መታጠቢያ ሥር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለምን የባለቤቱ እንጂ የሌላ የማንም ጉዳይ ሳይሆን እንደ ቀረ ለመረዳት፣ በከተማዋ የገቢው ውኃና የወጪው ውኃ ዕድሜም ባለቤትም የተለያየ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

ቧንቧ ከመግባቱ በፊት በጣና ዳርቻ መንደሮች ውኃ ከሐይቁ፣ ከወንዝ ወይም ከምንጭ በእንስራ ተቀድቶ በሴቶች ጀርባ ይመጣ ስለነበር፣ መጠኑ በተሸካሚዋ ጉልበት የተወሰነ ነበር፤ እንዲህ በድካም የመጣ ውኃ ደግሞ በዋዛ አይደፋም። ዕቃ በአመድ ይፈተጋል፣ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የምግብ ትራፊ ያለበት የመጀመሪያው እጣቢ ለከብት ሲሰጥ የቀረው ከጓሮው ጌሾ ወይም ጎመን ሥር ይፈስሳል። ማድ ቤቱም ብዙውን ጊዜ ከመኖሪያው ተነጥሎ የሚሠራ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ጎጆ ስለነበረ፣ ጥቂት ውኃ ቢፈስበት መሬቱ ይመጠው ነበር እንጂ የሚበላሽ ነገር አልነበረም። እጣቢ የሚደፋበት ሥፍራና ሰዓት ግን በልማድ የተጠበቀ ነው፤ በቀትር ወይም በምሽት በአመድና በጥራጊ መድፊያ ላይ ውኃ፣ ያውም ትኩስ ውኃ መድፋት ለልክፍት፣ ማለትም በመናፍስት ለመያዝ ያጋልጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር ልጆች ከዚያ ይከለከሉ ነበር። ይህን እምነት እንደ ተራ ፍርሃት ብቻ መቁጠር አይገባም፤ የቆሸሸ ውኃ የራሱ ቦታ እንዲኖረው አድርጓልና።

ውኃን በግንብ መስመር መምራት ለአካባቢው እንግዳ ሙያ አልነበረም። በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስ መዋኛ የሚባለው ገንዳ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ እየተሞላ እስከ ዛሬ የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። በአዲስ አበባም በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ኮረብታ በቧንቧ የሳበው ውኃ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብቷል። እነዚህ ሥራዎች ግን ለቤተ መንግሥትና ለበዓል የዋሉ ስለነበሩ የተራው ቤተሰብ ማድ ቤት ከነርሱ የወረሰው ነገር የለም።

ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበችና ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ የሚሠሩባት ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ሆና ኖራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የጦርና የአስተዳደር ሥፍራ ብትሆንም፣ የከተማነት መልክ የያዘችው በ1950ዎቹ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ አካባቢም የጀርመን ባለሙያዎች የከተማዋን መሪ ፕላን አዘጋጁ። ሲሚንቶ ወለልና በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧ ያለው የአሠራር ዘዴ ከእንዲህ ያሉ ተቋማት ጋር ተስፋፋ፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ ደግሞ እንደ አፈሩ ጊዜ ሰርጎ አይጠፋም።

ያን ጊዜም ቢሆን ለብዙው ነዋሪ ቧንቧ ማለት ቦኖ ማለት ነበር፤ ቦኖ በሰፈር መካከል የሚቆም፣ ውኃው በባልዲ ወይም በጀሪካን እየተለካ የሚሸጥበት የጋራ ቧንቧ ነው። ቆጣሪ በየግቢው እየተተከለ የመጣው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ እንግዳውን የሚያስገርመው ነገር የከተማዋ የቧንቧ ውኃ አጠገቧ ካለው ታላቅ ሐይቅ ሳይሆን በዋናነት እንደ አረቄና ሎሚ ካሉ ምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ መሆኑ ነው። ምንጩን ማጎልበት፣ መስመሩን መዘርጋትና ሒሳቡን መሰብሰብ የመንግሥት ሥራ ሆነ። የሚወጣውን ውኃ ተቀብሎ የሚሰበስብ፣ ከተማውን ሁሉ የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር ግን አብሮ ባለመዘርጋቱ፣ እያንዳንዱ ግቢ የራሱን ጉድጓድ፣ አቅም ያለውም ሴፕቲክ ታንክ የሚባለውን በግንብ የተሠራ ማጠራቀሚያ ቆፍሮ፣ ሲሞላ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና መጥራት ግድ ሆነበት። የሕዝቡ ቁጥር በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 96,000 ገደማ ከነበረበት በ1999 ዓ.ም. ከ150,000 በላይ ሲደርስ ይህ አለመመጣጠን ይበልጥ ከበደ፤ ከጓሮ ጉድጓዱ የተረፈውም በጎርፍ መውረጃው በኩል ወደ ጣናና ወደ ዓባይ መሄዱ አልቀረም።

በዚህ የግል መስመር መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ዕቃ ሲፎን ይባላል፤ ይህም ከመታጠቢያው ሥር የተጠመዘዘ ቧንቧ ሲሆን፣ በጉብጠቱ ውስጥ ምንጊዜም ጥቂት ውኃ ስለሚቀር የጉድጓዱ ሽታና በረሮ ወደ ቤት እንዳይመለሱ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ በለንደን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ይህ ጉብጠት በመጀመሪያ የታሰበው ለሽንት ቤት ነበር። ብዙ ጊዜ ውኃ ያልፈሰሰበት መታጠቢያ የሚሸተውም ጉብጠቱ ውስጥ የቀረው ውኃ ስለሚደርቅ ነው፤ አንድ ጆግ ውኃ ከማፍሰስ በቀር ሌላ መድኃኒት አይሻም። ቀደም ያሉት ሲፎኖች ከእርሳስ፣ ከነሐስ ወይም ከብረት የሚሠሩ ስለነበሩ ለመፍታት መፍቻና የባለሙያ ክንድ ይጠይቁ ነበር፤ ፕላስቲኩ ሲመጣ ግን መጋጠሚያው በእጅ የሚፈታና በእጅ የሚጠብቅ ሆነ። የማድ ቤት ፍሳሽ ጥገና ከቧንቧ ሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ቤተሰቡ የገባው በዚህ የቁስ ለውጥ ምክንያት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የፕላስቲኩ ሲፎን መጋጠሚያ የጎማ ቀለበትና ቀለበቱን የሚጫን ፍሬ አለው። ቀለበቱ በትኩስ ውኃና በዘይት እየደረቀ ሲሰነጠቅ፣ ወይም የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢና በሐይቁ ዳር የማይቀረው የዓሣ ቅርፊት በጉብጠቱ ተጠራቅመው ውኃውን ሲያቆሙት መንጠባጠብ ይጀምራል። ጠጋኙ ከሥሩ ባልዲ አኑሮ፣ ቧንቧውን በጨርቅ አድርቆ፣ መጋጠሚያዎቹን ከላይ ወደ ታች በደረቅ ሶፍት ሲነካካ መጀመሪያ የረጠበው ሥፍራ የፍሳሹን መነሻ ያሳያል፤ ውኃ በቧንቧው ላይ እየተንሸራተተ ዝቅ ብሎ ስለሚንጠባጠብ የጠብታው ቦታና የብልሽቱ ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ቀጥሎ ፍሬው ተፈትቶ፣ ጉብጠቱ ታጥቦ፣ ቀለበቱ ተለውጦ በእጅ ይጠብቃል። አዲስ ቀለበት ሳይገኝ ሲቀር ከመኪና ካላማዳሪ፣ ማለትም ከጎማው ውስጥ ነፋስ ከሚይዘው ላስቲክ፣ በመቀስ የተቆረጠ ቀለበት ይተካዋል፤ ብስክሌት በሚበዛበት ባሕር ዳር ደግሞ የተሰነጠቀ ቧንቧ መጠቅለያ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ አይጠፋም። ቴፍሎን የሚባለውን ነጭ ስስ ጥብጣብ በዚህ መጋጠሚያ ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ግን የተለመደ ከንቱ ድካም ነው፤ ቴፍሎን የሚጠቅመው ውኃው በጥርሱ መካከል እንዳያልፍ በሚዘጋበት በገቢው መስመር ላይ ሲሆን፣ በሲፎኑ ውኃውን የሚይዘው ቀለበቱ እንጂ ጥርሱ አይደለም። ፍሬውን በፒንሳ አክርሮ ማጥበቅም ፕላስቲኩን ሰንጥቆ አንዱን ብልሽት ሁለት ያደርገዋል።

በ1990ዎቹ ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወደ ባሕር ዳር ሲደርስ ይህ የግል ጥገና ወሰን ገጠመው። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ የፎቆቹ ማድ ቤቶች ሁሉ በግድግዳ ውስጥ ወደሚወርድ አንድ የጋራ ቧንቧ ስለሚፈስሱ፣ የላይኛው ቤት እጣቢ የታችኛው ቤት ጣሪያ ላይ ወይባ ክብ ሆኖ ይታያል። ከሲፎኑ እስከ ግድግዳው ያለው የነዋሪው ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ለመክፈት ግን የጎረቤት ፈቃድ፣ የማኅበሩ መዋጮና ግድግዳ የሚሰብር ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ የተሰበረውን መልሶ የሚለስነው ማን እንደ ሆነም አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።